መሃል ላይ የምትወድቀው ኳስ

ጥቅምት 4

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለቆኛል። ወፍራም ካልሲ አድርጊ እንዳትዪኝ፣ አድርጌያለሁ።

የጠየቅሽኝን ላድበስብሰው ብዬ አሰብኩና፣ እንደማትለቂኝ ሳውቅ ተውኩት። ወንድማችን የነገረሽ እውነት ነው። የተቀጠርኩበት ኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ከተቋቋመ ጀምሮ አንድ ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ገና በመጀመሪያው ቀን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና "ዘንድሮ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ብቻ፣ ካላሸነፉ ቡድኑ ይፈርሳል፤ አዳራሹንም ለሌሎች እንሰጠዋለን" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ሲነግረኝ አፍሮ እስክሪብቶውን ሲከፍት ሲዘጋ ነበር። ቡድኑ ከፈረሰ እኔም ሥራ የለኝም። እሱን አፍ አውጥቶ አልተናገረም፣ ግን ተግባባን።

"ይህን እያወቅሽ ምን ቆርጦሽ ሄድሽ?" ብለሻል። ምን ልበልሽ እትዬ! ይህን ሁሉ ዓመት ስጫወት ኖሬ፣ ቡድን ይዘሽ አሰልጥኚ ያለኝ ማን ነበር? እነሱ ብቻ ናቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ቀን "አሰልጣኝ" ብለው ሲጠሩኝ ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።

አዳራሹ ጣሪያው ያፈሳል፣ ውሃው የሚያርፍበት ጥግ ላይ የወለሉ እንጨት ተነስቷል። መረቡ መሃሉ ላይ ረግቧል፣ በገመድ ወጥሬ አስሬዋለሁ። መለያቸው ከወንዶች ቅርጫት ኳስ የተረፈ ነው፤ ለባብሰው ሲሰለፉ የሌሊት ልብስ የለበሱ ነው የሚመስሉት። አምበሏ ዘለግ ላለ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ሠርታ ተመልሳ ትምህርት የገባች ናት። ከሁሉም ስለምትበልጥ "ታላቃችን" ይሏታል። ከሁሉም የምታንሰዋን ደግሞ "ሚጢጢ" ነው የሚሏት። እሷ ገና ዘንድሮ ነው የገባችው፣ ስትሮጥ ከእግርሽ ሥር ታልፋለች።

ነይ ተመለሺ ብቻ እንዳትዪኝ። ሆድ ይብሰኛል።

ደግሞ ባለፈው "በሩ ተጠገነ" ብለሻል። ማን ጠገነው? አንቺ እኮ ባለሙያ ቤትሽ ድርሽ አታሰኚም።

ታናሽሽ


ጥቅምት 21

ሸንበቆዬ፣

ጉልበቴን ተዪው፣ እዚያው እግሬ ላይ አለ። ካልሲውን ማድረግሽን የማምነው ሳየው ነው።

ተመለሺ አትበዪኝ ብለሻልና አልልም። ዝም ብዬ ወሬ ልንገርሽ፦ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ቀሚስ ልታሰፋ ስፌት ቤቴ መጥታ ነበር። የስፖርት አስተማሪ ይፈልጋሉ አሉ። ከቤታችን በእግር የሚኬድ ነው። ጣሪያውም አያፈስም። ወሬ ነው እንግዲህ፣ ወሬ ነውር የለውም።

አሳዝናት ይሆን ብለሽ እንደሆነ፣ አዎ ታሳዝኚኛለሽ። አንጀቴን በላሽው። ያሳደግኳት ልጅ ሰው ያልቻለውን ሸክም ተሸክማ ሳይ ምን ልሁን? ኩራትም ይሰማኛል ግን። እሱን ደንበኞቼ ይመሰክራሉ፤ ልብስ ሊሰፋ የመጣ ሁሉ ስላንቺ ሳይሰማ አይወጣም።

ያን የቅርጫት ኳስ ጆንያ ግን አውልቂላቸው፤ ያሳፍራል! የልጆቹን ልክ ላኪልኝ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የክንድ ርዝመት። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይለኩ፤ ሲዘሉ ሆዳቸው እንዲታይ አልፈልግም። ጨርቁን እኔ አውቃለሁ።

በሩ ተጠገነ፣ በቃ። በር ነው።

ታላቅሽ


ኅዳር 15

ለእትዬ፣

አይ፣ አልመጣም። ወሬውን ግን ሰምቻለሁ።

እስካሁን ያደረግናቸውን ጨዋታዎች ሁሉ ተሸንፈናል። "መጫወት አያውቁም ማለት ነው?" ትያለሽ። እርር ድብን የሚያደርገኝ እሱ ነው፣ ያውቃሉ! አንድ በአንድ ስታያቸው እንከን አይወጣላቸውም። ታላቃችን ስትመታ ወለሉ ይጮሃል። ሚጢጢ ከመሬት የማትለቅማት ኳስ የለችም። ችግሩ ኳሷ በሁለቱ መሃል ስትመጣ ነው። ሁለቱም ቆመው ያይዋታል። በዓይናቸው ተቀብለው፣ ሸኝተው፣ መሬት ያስቀምጧታል።

መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ አዳራሹን ዙሩ አልኳቸው። ቅር ሳይላቸው ዞሩ፣ ተመልሰው ቆሙ፣ ኳሷ እንደገና መሃላቸው ወደቀች። "ምን ሆናችሁ?" ብዬ ጮህኩ። ሚጢጢ አንገቷን ደፍታ "ታላቃችን እያለች እኔ ልቅደም እንዴ?" አለችኝ። ታላቃችን ደግሞ "ልጅ አይደለች? ትጫወት ብዬ ለቀቅኩላት" አለች። ምን ትያቸዋለሽ?

ነገሩ ይበልጥ የገባኝ ግን ለጨዋታ ስንሄድ አውቶቡሱ በር ላይ ነው። "ግቢ።" "ኧረ አንቺ ግቢ።" "በሞቴ!" "አልገባም፣ አንቺ እያለሽ?" አንዷ ሌላዋን እየገፋች ማንም ሳይገባ ሾፌሩ ጥሩንባውን አንባረቀው። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። እነዚህ ልጆች ሰነፍ አይደሉም እትዬ፤ ጨዋ ሆነው ነው ያደጉት፣ ከልክ ያለፈ ጨዋ። እናቶቻቸው መርቀው በላኳቸው ጨዋነት ነው የምንሸነፈው።

አሁን ምን አደረግኩ መሰለሽ? ከማደሪያቸው የአልጋ አንሶላ ተውሼ መረቡ ላይ ሰቀልኩ። ኳሷ ከወዲያ በኩል ስትወረወር አይታያቸውም፤ ብቅ ስትል የምትወስዳት ልጅ "የኔ!" ብላ መጮህ አለባት። ካልጮኸች ኳሷን ብትመታትም አይቆጠርላትም። እዚህ ሜዳ ውስጥ ታላቅም ታናሽም የለም ብያቸዋለሁ።

ብትሰሚያቸው! አንዷ በሹክሹክታ "የኔ" ትላለች። ሌላዋ "ይቅርታ፣ የኔ መሰለችኝ" ትላለች። አንዷማ "የኔ ናት፣ ግን ከፈለግሽ..." ስትል ኳሷ አናቷ ላይ አረፈች።

ልኩን ልኬልሻለሁ። የበሩን ነገር እንደተዘጋ ተቀብያለሁ፤ ግን አልረሳሁትም።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 9

ሸንበቆዬ፣

"ከፈለግሽ" የምትለዋን ሳነብ የያዝኩትን መርፌ እስክጥል ሳቅኩ። ደንበኛዬ አበደች ብላ ወጣች።

ልኩን እስኪ አንቺው እዪው! አንዷ ወገብ በሚለው ቦታ "እንደተመቸዎት" ብላ ጽፋለች። ሌላዋ "ለሌሎቹ ተሰፍቶ ጨርቅ ከተረፈ" ትላለች። ይሄ ልክ ነው ወይስ ይቅርታ መጠየቂያ? ቁጭ ብዬ በግምት ቀደድኩት። የጠበባት ትጮህ፣ ለመጮህ መልመጃ ይሆናታል።

አንሶላሽን ግን ወደድኩት። ማታ ሳስበው አንቺን አየሁሽ። ትዝ ይልሻል? ሳህኑ ላይ የመጨረሻዋ ዳቦ ስትቀር አንቺ ለኔ፣ እኔ ላንቺ ስንል ደርቃ ታድር ነበር። ማን አስተማረሽ? እኔው። ስለዚህ ልጆቹ ላይ አትጩሂ፣ ታገሺያቸው። አንድ ሰው "የኔ" ለማለት ዕድሜው ሙሉ ሊፈጅበት ይችላል።

በሩን የጠገነው ስፌት ማሽን የሚጠግነው ሰውዬ ነው። ማሽኑን ሊያይ መጥቶ በሩ ሲንቋቋ ሰማና አስተካከለው። በቃ። ሌላ ጥያቄ አልመልስም።

መለያዎቹ በጥቅሉ ውስጥ አሉ። ቁጥሩን ድርብ ሰፍቼዋለሁ፣ አይላቀቅም።

ታላቅሽ


የካቲት 3

ለእትዬ፣

አዎ፣ ልክክ ብሏል! "እንደተመቸዎት" ያለችው እንኳን ልክ ሆኖላት እየዞረች በመስኮቱ መስታወት ስታይ ነው የዋለችው። ቡድን መሰሉ። ሰው መሰሉ ልልሽ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ጩኸቱ መጥቷል። እንዲያውም አልፎ ተርፎ ከጎናችን ያለው ቤተ መጻሕፍት ከሶናል። ባለፈው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዙር አሸነፍን! ቀጥሎ ታላቃችንና ሚጢጢ አንድ ላይ "የኔ!" ብለው ተላተሙ፣ ሚጢጢ አፍንጫዋ ደማ። ታላቃችን ጥጥ ይዛ ስትሮጥ፣ ሚጢጢ በደም በተለወሰ አፏ "የኔ ነበረች እኮ!" ብላ ተቆጣቻት። እትዬ፣ ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ጨዋታውን ግን ተሸነፍን።

ሁለት ጨዋታ ቀርቶናል። ኃላፊው ትናንት መጥቶ፣ መንገድ ላይ እንዳገኘኝ ሁሉ፣ የአዳራሹን ቁልፍ መቼ መረከብ እንደሚቻል ጠየቀኝ። "ገና አላለቀም" አልኩት። "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" ብሎ ሄደ።

ያ ማሽን ግን ምን ሆኖ ነው ይህን ያህል ጊዜ የሚጠገነው?

ታናሽሽ


መጋቢት 6

ለእትዬ፣

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ሥራ በዛብኝ።

ደህና ነኝ። ወደ ጨዋታው ስንሄድ አየሩ ጥሩ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹ ተጋፍተው ገቡ፣ ሾፌሩ ገረመው። የተቀበለን ኮሌጅ አዳራሽ መብራቱ ደማቅ ነው፣ ወለሉ ያንጸባርቃል። መለያችንን ያየ ሁሉ የት አሰፋችሁት ብሏል። ስምሽን ነግሬያለሁ። የመለያው አንገት ለአንዷ ትንሽ ሳይጠብባት አልቀረም።

የሚጢጢ አፍንጫ ድኗል።

ምሳ ጥሩ ነበር።

ታናሽሽ


መጋቢት 14

አንቺ ልጅ!

አየሩ ጥሩ ነበር? ምሳው ጥሩ ነበር? እኔ ያሳደግኳትን ልጅ አላውቃትም እንዴ? አሸነፋችሁ ወይስ ተሸነፋችሁ? ደብዳቤውን አገላብጬ፣ ጀርባውን ሁሉ አየሁት። ስለ መብራት የጻፍሽውን ለመብራት ኃይል ላኪለት!

ደብቀሽኛል። እሺ፣ እኔም ስደብቅሽ ነበርና እኔ ልጀምር፤ ከዚያ ግን ተራው ያንቺ ነው።

ማሽኑ ምንም አልሆነም። ድሮም አልተበላሸም። ሰውዬው በየሳምንቱ እየመጣ ይፈታታዋል፣ ዘይት ይቀባዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል። እኔም ዝም እላለሁ። ባለፈው እሑድ "ከእንግዲህ የሚፈታ ነገር አጣሁ፣ ምን ይሻለኛል?" አለኝ። እንግዲያው መሣሪያህን አስቀምጥና በባዶ እጅህ ና አልኩት። እኔ! ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ! ወንድማችን "በዚህ ዕድሜሽ ሰው ምን ይላል?" ሲለኝ "ዕድሜው የኔ ነው" ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩለት። ያንሶላሽ ትምህርት እዚህ ድረስ ደርሷል። ላንቺ ግን አፈርኩ። እናት ሆኜ አሳድጌሽ፣ እንደ ኮረዳ ልቤ ሸፈተ ብዬ ልጻፍልሽ?

ይኸው ጻፍኩ። አሁን ንገሪኝ።

ታላቅሽ


መጋቢት 22

እትዬዬ፣

አንብቤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ፣ ከዚያ እንደገና አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ለምን ታፍሪኛለሽ? በባዶ እጁ ሲመጣ ካንቺ ጋር ምን እንደሚያወራ ጻፊልኝ።

እሺ፣ የኔ ተራ ነው። ተሸነፍን። የተሸነፍንበት መንገድ ነው ምላሴን ያሰረው።

መጨረሻው ዙር ድረስ እኩል ሄድን። እንደዚያ ተጫውተው አያውቁም። ሁለት ነጥብ ብቻ ቀርቶናል። የነሱ መቺ ኳሷን አጥብቃ መታች፣ ታላቃችን ለመከላከል ዘለለች፣ ኳሷ አልፋት ከመስመር ውጪ ወደቀች። ዳኛው ነጥቡን ለኛ ሰጠ። ልጆቹ ሊተቃቀፉ ሲሉ ታላቃችን እጇን አወጣች። "ጣቴን ነክታኛለች፤ የኔ ናት" አለች። የነካናት ኳስ ውጪ ከወደቀች ነጥቡ የነሱ ነው። ማንም አላየም እትዬ! ዳኛው አላየም፣ እኔ አላየሁም፣ የመታችው ልጅ ራሷ አላየችም! ዳኛው ነጥቡን መለሰ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሆንልን አለ።

አውቶቡስ ውስጥ አልቻልኩም። ሁሉም እየሰሙ "ማን ጠየቀሽ?" አልኳት። "ይህ ሁሉ ልጅ የለፋበትን በአንድ ጣትሽ አጠፋሽው" አልኳት። መስኮቱን እያየች መጣች። ሚጢጢ ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ይዛላት ነበር።

አንድ ጨዋታ ቀርቷል። ልምምድ ላይ ታላቃችን ትመጣለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች፣ አትናገርም። እኔም አልናገርም። ሌሎቹ በመሃላችን እየተሸማቀቁ ይሄዳሉ። ጩኸቱ ጠፍቷል። ምን ላድርግ?

ታናሽሽ


መጋቢት 28

ሸንበቆዬ፣

አጭር ነው የምጽፍልሽ፣ ምክንያቱም ተናድጄብሻለሁ።

"የኔ በሉ" ብለሽ አስተማርሻቸው። ልጅቷ አለች። ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምትያት? የሚጠቅመውን የኔ፣ የሚጎዳውን የሰው በዪ? እንደዚያ ከሆነ ያስተማርሻቸው መጮህ ብቻ ነው። እኔ ብሆን እንደዚያች ያለች ልጅ ካለችኝ አንድም ጨዋታ ሳላሸንፍ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ።

በመናደድሽ አልፈርድብሽም። ሥራሽ ነው፣ እንጀራሽ ነው፣ ያንን ቡድን እንደ ልጅሽ ነው የምታይው። ግን ሁሉም እየሰሙ ተናግረሻታል። ሁሉም እየሰሙ ይቅርታ ጠይቂያት። ማታ ለብቻዋ ጠርተሽ በሹክሹክታ እንዳይሆን! ዛሬውኑ።

ሰውዬው ሰላም ብሎሻል። በባዶ እጁ መጣ፤ ምንም አላወራም፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ነገ እንደገና ይመጣል።

ታላቅሽ


ሚያዝያ 13

እትዬ፣ እትዬ፣ እትዬ!

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ታገሺው።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን። አዎ፣ ሁሉም እየሰሙ። ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት አሰለፍኳቸውና "አውቶቡስ ውስጥ የተናገርኩት ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት። ታላቃችን ወለሉን እያየች "እኔም እኮ እጄን ካወጣሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ ቡድኑን አፈረስኩት ብዬ" አለች። ሚጢጢ "አልፈረሰም፣ ገና ነው!" ብላ ጮኸች። እዚያው ሁላችንም አለቀስን። በዚያን ቀን ልምምድ የሚባል ነገር አልተሠራም።

የመጨረሻው ጨዋታ በኛው አዳራሽ ነበር። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወለሉ ጥግ ላይ ባልዲ አስቀምጠናል። ኃላፊው መጥቶ ኮቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ቆመ። ሲያየኝ አንገቱን ነቀነቀ፣ እኔም ነቀነቅኩ።

ስለ ጨዋታው ብዙ የምነግርሽ የለኝም፣ ግማሹን አላየሁትም። ዓይኔን ሸፍኜ ጩኸታቸውን ነው የሰማሁት። "የኔ!" ይላሉ፣ "የኔ!"፣ ከኋላ፣ ከፊት፣ ከጥግ፤ ያቺ "ከፈለግሽ" የምትለው ሳትቀር ትጮሃለች። አንድ ዙር ወሰድን። አንድ ወሰዱ። ሌላ ወሰድን፣ ሌላ ወሰዱ። መጨረሻው ዙር ላይ በአንድ ነጥብ እየቀደምን ለማሸነፍ አንድ ብቻ ሲቀረን የነሱ ልጅ ኳሷን ልትልክ ቆመች። መታቻት። ኳሷ መረቡ ላይ ተመታችና በነሱው በኩል ጠብ አለች። አለቀ። እንደዚያ ነው ያለቀው፣ ምንም ውበት የለውም፣ የነሱ ስህተት ነው።

ከዚያ ምን እንዳደረጉ ልንገርሽ። አልዘለሉም። አልጮሁም። እንደ ሁልጊዜው አንገታቸውን ደፍተው መረቡ ሥር ተሰለፉና ተጋጣሚዎቻቸውን ተራ በተራ እየጨበጡ "እንኳን ደስ ያላችሁ" "እንኳን ደስ ያላችሁ" ማለት ጀመሩ። ታላቃችን ከፊት፣ ሚጢጢ ከመጨረሻ። ሌላ ነገር አያውቁም እትዬ። ጨዋታ ሲያልቅ የሚባለው እሱ ብቻ ነው የሚመስላቸው፤ ብለው የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው።

የነሱ አምበል የታላቃችንን እጅ ይዛ አልለቅም አለች። በእንባዋ መሃል ሳቋ መጣ። "ኧረ እናንተ ናችሁ ያሸነፋችሁት!" አለቻት።

ሰልፉ ቆመ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሚጢጢ ቀስ ብላ ዞራ ወደኔ አየች።

"አሰልጣኝ፣ እኛ ነን እንዴ?"

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት።

እህትሽ